«ተርፏል» ካሉን በኋላ

የልጄ የአማርኛ መምህርት «ቤተሰቤ» በሚል ርዕስ አምስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ኑ ብለዋቸው ነበር። ልጄ ያኔ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ማታ እንደ ልማዴ ደብተሩን ሳገላብጥ አገኘሁት። አራቱ ዓረፍተ ነገሮች ደህና ናቸው። «እናቴ አስተማሪ ናት። እህቴ ጎበዝ ናት። ቤታችን ጀሞ ነው። አያቴ ደብረ ብርሃን ናት።» አምስተኛው ግን «አባቴ ሞቷል» ይላል።

አባቱ በዚያች ሰዓት ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ሰፌዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ምስር እየለቀመ ነበር።

ስለዚያ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ዓመታት ፈጅቶብኛል። ዛሬ የምጽፈው ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው ቤታቸው ይዘው፣ ከጎረቤት «እግዜር ይመስገን ተረፈ» እየተባሉ፣ ማታ ማታ ግን ለብቻቸው የሚያለቅሱ ሚስቶች፣ ባሎችና እናቶች እንዳሉ ስለማውቅ ነው። አንዳንዶቻችን በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተያይተናል።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ነው። ባለቤቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲመለስ፣ ከጀርመን አደባባይ አለፍ ብሎ ቀለበት መንገዱን ሲሻገር መኪና ገጨው። ገጪው አልቆመም። የማያውቁት ሰዎች አንስተው በታክሲ ሆስፒታል አደረሱት። እኔ ስደርስ ፊቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ቁስል አልነበረም፤ ደክሞት የተኛ ሰው ይመስል ነበር።

ሐኪሙ አንድ ቁጥር ነገሩኝ፤ «ሰባት»። የሕመምተኛው ንቃት የሚለካበት መስፈርት አለ፤ ዓይኑን መግለጡ፣ መናገሩና ሰውነቱን ማንቀሳቀሱ ታይቶ ነጥብ ይሰጣል፤ ትንሹ 3፣ ትልቁ 15 ነው፤ 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ ከባድ ጉዳት ይባላል አሉኝ። እኔ አስተማሪ ነኝ። ከ15 ሰባት ማለት ለእኔ ወድቋል ማለት ነው። ቀጥለው የራስ ቅል እንደማይለጠጥ፣ ውስጥ የፈሰሰው ደም መውጫ ሲያጣ አንጎልን እንደሚጫን፣ ስለዚህ አጥንቱን ከፍተው ደሙን ማውጣት እንዳለባቸው አስረዱኝ። ፈርሚ አሉኝ፤ ፈረምኩ።

በዚያ ሌሊት ቀዶ ሕክምናውን የሠሩለት ወጣት ሐኪም ነበሩ። በአገራችን የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሠልጠን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2006፣ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር መሆኑን ያነበብኩት ቆይቼ ነው። ይኸው አደጋ ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት ደርሶበት ቢሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩና ደነገጥኩ።

ሌላም ያኔ ያላወቅሁት ነገር ነበር። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚባል የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሕግ አለ። በመኪና የተገጨ ሰው አስቸኳይ ሕክምና ሲደረግለት ያኔ እስከ 2 ሺህ ብር የሚደርሰው ወጪ ይሸፈንለት ነበር፤ ገጪው ካልታወቀ ደግሞ ለካሳ የተቋቋመ የመድን ፈንድ እንዳለ ሕጉ ይናገራል። እኔ ግን የፖሊስ ማስረጃ እንኳ ለማውጣት ሳላስብ የአንገት ወርቄን ሸጥኩ። እንዲህ ዓይነት ነገር የደረሰበት ሰው ቢያንስ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱንና የሆስፒታል ደረሰኞቹን በአንድ ላስቲክ ሰብስቦ ያስቀምጥ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ። ፊልም ላይ እንደሚታየው ስሜን አልጠራም። ጣሪያውን ለረጅም ጊዜ አይቶ መልሶ ተኛ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ወደ ቤት ስንመለስ ሦስተኛ ፎቅ ስለሆንን የሕንፃችን ወጣቶች በወንበር ተሸክመው አወጡት። ሴቶቹ እልል አሉ። ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ። «ተርፏል» አሉን። እውነት ነው፣ ተርፏል። ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። በእጄ የያዝኩት የመድኃኒት ማዘዣና የቀጠሮ ካርድ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ቡናው ላይ ነው። ባለቤቴ የቡና ሰው ነበር። ቡናው ተቆልቶ ጭሱን ወደ እሱ ሳቀርብለት ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ይስብ ነበር። ቤት በገባ በሳምንቱ እንደ ድሮው ምጣዱን ይዤ ፊቱ ቀረብኩ። ዓይኑን ጨፈነና «እህህ» አለ። ደስ አለኝ። ከወራት በኋላ ድስት ተቃጥሎ ቤቱ ጭስ በጭስ ሲሆን እሱ እዚያው ኩሽና በር ላይ ቆሞ ምንም አልመሰለውም። ያን ቀን ነው እውነቱ የገባኝ። አፍንጫው ምንም አይሸተውም ነበር። ለካ የሽታ ነርቮች ቀጫጭን ስለሆኑ ጭንቅላት በኃይል ሲመታ በቀላሉ ይበጠሳሉ። «ታዲያ ያን ቀን ምነው የሸተተህ መሰልክ?» ስለው «ደስ ብሎሽ ነበር» አለኝ።

የቀረው ለውጥ እንዲህ የሚያባብል አልነበረም። ሳልነግረው አይነሳም፤ «ተነስ ታጠብ» ካላልኩት እስከ ቀትር አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ሰነፈ እል ነበር። የአንጎሉ የፊት ክፍል ሥራ አስጀማሪም ፍሬንም እንደሆነ የነገረችኝ ፊዚዮቴራፒስቷ ናት። አስጀማሪው ሲጎዳ ሰውየው ቢፈልግም መነሻ ያጣል፤ ፍሬኑ ሲጎዳ ደግሞ ድሮ ዋጥ ያደርገው የነበረውን ቁጣ መያዝ ያቅተዋል። ያ ዝምተኛ፣ ድምፁ ከጎረቤት ተሰምቶ የማያውቅ ሰው ስለ አንድ ማንኪያ ይጮህ ጀመር። አንድ ቀን ሳህኑን ከግድግዳ ጋር አጋጨው። ልጄ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አገኘሁት። የአራት ዓመት ልጅ ነበር።

የእኛ ባህል ደግሞ ለዚህ በሽታ ከብዶት ነበር። ጠያቂ መጣ። አሥራ አምስት ሰው አንዲት ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ በአምስት ወሬ ተከፋፍሎ ይጫወታል፤ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፤ ሲኒ ይንኳኳል። የተጎዳ አንጎል ከዚያ ሁሉ ድምፅ ውስጥ አንዱን ለይቶ መስማት ያደክመዋል። ባለቤቴ ጆሮውን ይዞ «ውጡልኝ!» ብሎ ጮኸ። ወጡ። በነጋታው ሰፈሩ ሁሉ «ለየለት» አለ። ከዚያ ወዲያ ፊዚዮቴራፒስቷ ያለችኝን ይዤ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት በፊት አትምጡ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ግቡ፣ አንድ ሰው ይናገር፣ ከግማሽ ሰዓት አትለፉ አልኩ። የባለቤቴ አክስት «በገዛ ወንድሜ ልጅ ቤት በሰዓት ልግባ?» ብለው አንድ ዓመት አኮረፉኝ። ዋጋው ያ ከሆነ ይሁን ብዬ ዝም አልኩ። እሱ በቀን ሁለት ጊዜ መተኛት ሲጀምርና ቤቱ ጸጥ ሲል ጩኸቱ በግማሽ ቀነሰ።

በሁለተኛው ዓመት የሚጥል በሽታ ጨመረበት። የአንጎል ጠባሳ ከጊዜ በኋላ እንዲህ ሊያመጣ እንደሚችል ሐኪሙ ነግረውኝ መድኃኒት ጀምሮ ነበር፤ ሰዎች ግን ጸበል ውሰጂው፣ መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር አታቀላቅዪው አሉኝ። ሰማኋቸው። መድኃኒቱን በድንገት አቋረጥኩ። በአምስተኛው ቀን ታክሲ ስንጠብቅ መንገድ ላይ ወደቀ። ሰው ከበበን። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያዘ። «ኧረ አይሸተውም!» ብዬ ስጮህ ሁሉም እብድ እኔ የሆንኩ መሰላቸው። ጸበሉን የሚያጠምቁት አባት ነገሩን ሲሰሙ እኔኑ ነው የተቆጡት። «ልጄ፣ ጸበሉም ይጠጣ፣ ክኒኑም ይዋጥ፤ ማን አቋርጪ አለሽ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላቋረጠም። ሰው ሲወድቅ ምን እንደሚደረግም ልጆቼ ሳይቀሩ ያውቃሉ፤ ከሚጋጨው ነገር ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ ወደ አፉ ምንም አለመክተት፣ ሰዓት ማየት። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ነው።

እኔ ግን በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ትልቅ ስህተት እየሠራሁ ነበር። ሁሉን ነገር እኔ ሆንኩ። አጎርሰዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ፣ ጫማውን አስራለሁ። ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለው «ደህና ነው» ብዬ የምመልሰው እኔ ነኝ። ለፍቅር ነው የማደርገው። ለጥድፊያም ነው፤ እሱ አንድ ቁልፍ እስኪቆልፍ የሥራ ሰዓቴ ይደርሳል።

ያስቆሙኝ አማቴ ናቸው። ከደብረ ብርሃን መጥተው ሁለት ወር ተቀመጡ። ሦስት ቀን ዝም ብለው ሲያዩኝ ሰንብተው በአራተኛው ቀን፣ እንጀራ ጠቅልዬ ወደ አፉ ስወስድ እጄን ያዙኝ። «እጅ አለው» አሉ። «እማማ፣ ያፈሰዋል» አልኳቸው። «ሕፃን ሳለም ያፈስ ነበር። ያኔ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ» አሉኝ። በማግስቱ ምስር በሰፌድ አድርገው ጭኑ ላይ አስቀመጡለት። «ድንጋዩን ልቀምልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል» አሉት። ዓይናቸው መርፌ ክር የሚያስገባ ነው።

አንድ ጣሳ ምስር ለመልቀም ያን ቀን ሙሉ ጠዋት ፈጀበት። ጎረቤቶች ወንድ ልጅ ምስር ሲለቅም አይተው ተጠቃቀሱ። አማቴ ግድ አልሰጣቸውም። ከሳምንት በኋላ ጣቶቹ ትንሿን ጠጠር ለይተው መያዝ ጀመሩ፤ ሳይነሳ፣ ሳይናደድ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ለፊዚዮቴራፒስቷ ስነግራት ሳቀች። «እኛ ጋ ይኸንኑ በዶቃ ነው የምናሠራው» አለች። የዕለት ተዕለት ሥራን መልሶ ማስለመድ ራሱን የቻለ የሕክምና ሙያ እንደሆነም ከእሷ ነው የሰማሁት። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ትምህርቱን መስጠት መጀመሩን ስሰማ አማቴን አሰብኳቸው።

ደብተሩም የመጣው በዚያን ጊዜ ነው። የሆነ ያልሆነውን ስለሚረሳ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁለት። ሥራውን የንብረት ክፍል ልማዱ ረዳው። ሞዴል 19 ገቢ፣ ሞዴል 22 ወጪ እያለ ዕድሜውን የገፋ ሰው መመዝገብ አልጠፋበትም። «ክኒን ጠዋት። ዳቦ ሦስት። ምድጃ ሲበራ ከኩሽና አለመውጣት። ከምሳ በኋላ መተኛት።» የተሠራው ላይ የራይት ምልክት ያደርጋል። ወሬ መሀል ቃል ሲጠፋበት ደግሞ በሰፈራችን ስም ይቀልዳል። «ምን ታደርጊዋለሽ፣ የንፋስ ስልክ ነው፤ ይቆራረጣል።»

እንግዲህ እንዲህ እየተሻሻለ ሳለ ነው ልጄ «አባቴ ሞቷል» ብሎ የጻፈው።

ከየት እንዳመጣው ወዲያው ገባኝ። ዓመቱን ሙሉ፣ ሁሉም ተኝቷል ብዬ ሳስብ፣ ኩሽና ገብቼ ለእህቴ እደውልላት ነበር። ከሰው ጋር የማልናገረውን ለእሷ እናገራለሁ። ገንዘቡን፣ ድካሙን፣ አልጋዬ ላይ ከባል ይልቅ ሕመምተኛ እያስተኛሁ መሆኑን። እያለቀስኩ የምደጋግማት አንዲት ነገር ነበረች፤ «ያገባሁት ሰው ሞቷል። ቀብር የለኝ፣ ሠልስት የለኝ፣ አጽናኝ የለኝ።» ልጄ አልተኛም ነበር። እናቱ ሞቷል ካለች ሞቷል ነው። ልጅ ነገርን እንደሰማው ነው የሚይዘው።

ደብተሩን ዘግቼ ልደብቀው ስል ባለቤቴ «አምጪው» አለ። ዓይኑ ዕቃ ሲደበቅ ያያል፤ የሙያው ነው። ሰጠሁት። በጣቱ እየተከተለ አንድ በአንድ አነበበ። አምስተኛው ላይ ጣቱ ቆመ። እኔ ሳህኑ እስኪወረወር ጠበቅሁ። ብዙ ጊዜ ዝም አለና «ማነው የነገረው?» አለኝ።

ውሸት አፌ ላይ ነበር። «ልጅ ነው፣ እንጃ» ለማለት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር። ግን ያን ሁሉ ዓመት በእሱ ፋንታ ስመልስ ኖሬ፣ የጠየቀኝ ለራሱ ነው። «እኔ ነኝ» አልኩት። ለእህቴ ያልኩትን ሳልቀንስ ነገርኩት። አልጮኸም። ደብተሩን ለልጁ ቦርሳ መለሰና የራሱን ደብተር አውጥቶ አንድ መስመር ጻፈ። ሲተኛ ከፍቼ አየሁት። ከ«ሳሙና መግዛት» በታች እንዲህ ይላል፦ «ልጁ ሞቷል ብሏል። መኖሬን ማሳየት።»

ያን ሌሊት ያለቀስኩት ለቅሶ እንደ ሌሎቹ አልነበረም። የሞተ ያልኩት ሰው ለነገ የቤት ሥራ ይዞ ተኝቷል።

በማግስቱ ለልጄ እውነቱን ነገርኩት፤ በልጅ ቋንቋ። አባትህን መኪና ገጭቶት አንጎሉ ቆስሏል። እግር ሲሰበር ጀሶ ይታያል፣ አንጎል ሲቆስል ግን ከውጭ አይታይም። ሲጮህ አንተ ስላጠፋህ አይደለም፤ ስላልወደደህም አይደለም፤ ቁስሉ ደክሞት ነው። እማዬ ሞቷል ያለችው ተሳስታ ነው፤ አዝና ነበር። ልጄ ሰምቶ ሲያበቃ «ታዲያ ይድናል?» አለኝ። «እንደ ድሮው አይሆንም፣ ግን በየዓመቱ ይሻለዋል» አልኩት። ሐኪሞቹ እንደሚሉት ትልቁ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት ይታያል፤ ቀስ ያለው መሻሻል ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ይቀጥላል። እሱም በአምስተኛው ዓመት ነው የጫማውን ክር ራሱ ያሰረው።

መኖሩን ማሳያውን ያገኘነው ካላሰብነው ቦታ ነው። የሕንፃዎቻችን እድር ለሞተ እንጂ ለታመመ ደንብ የለውም። ባለቤቴ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ጎረቤቶች ከኪሳቸው ሲያወጡ እድሩ ምንም አላደረገም፤ ሕጉ አይፈቅድም። ታዲያ በአንድ ስብሰባ ላይ የዕቃ ቤቱ ነገር ተነሣ። ወንበር ጠፍቷል፣ ብርጭቆ ጎድሏል፣ ድንኳኑ በማን እጅ እንዳለ አይታወቅም። እኔ ፈራ ተባ እያልኩ ተነሥቼ «ባለቤቴ ንብረት ክፍል ነበር የሚሠራው» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። የምን ጸጥታ እንደሆነ አውቃለሁ። ዳኛው ጋሼ ግን ጢማቸውን ዳሰሱና «ይምጣና ይቁጠርልን፤ ቁጥር ከሳተ እኛም ስተናል» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ይዞ ሄደ። እኔ ልከተላቸው ብዬ ነበር፤ «አንቺ ቤት ሁኚ» አለኝ። አባት ይቆጥራል፣ ልጅ ይጽፋል። አባት ቁጥር ሲጠፋበት ልጅ «ሰባ ሁለት ላይ ነበርን» ይለዋል። ልጅ ተሳስቶ ሲጽፍ አባት ያርመዋል። አራት ቅዳሜ ፈጀባቸው። በመጨረሻ የተጻፈው ዝርዝር ዕቃ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። ዛሬ ለለቅሶ ወንበር የሚወስድ ሰው ሳይፈርም አይወስድም። አንዱ ጎረቤታችን ተቻኩሎ ሊወጣ ሲል ባለቤቴ «ሞዴል 22 የለም፣ ዕቃ የለም» ብሎ በሩ ላይ ቆመ አሉ። ሰውየው እየሳቀ ፈረመ።

ትልቋ ልጄ አሁን ዩኒቨርሲቲ ናት። አንድ ቀን ደውላ ትምህርት ላይ የሰማችውን ታሪክ ለአባቷ ነገረችው። እ.ኤ.አ. በ1848 ፊኒያስ ጌጅ የተባለ የ25 ዓመት አሜሪካዊ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች አለቃ ነበር። ፈንጂ ሲጠቀጥቅ ፈነዳበትና ረጅም ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። ሰውየው ተረፈ፤ ጠባዩ ግን ተለወጠ። ወዳጆቹ «ጌጅ ጌጅ አይደለም» አሉ። እስከ ዛሬ በሕክምና መጻሕፍት የሚነገረው ይኸው ነው። ብዙ ሰው የማያነሳው ቀጥሎ የሆነውን ነው። ጌጅ ቺሊ ሄዶ ለዓመታት መንገደኛ የሚያመላልስ የፈረስ ሠረገላ ነድቷል። በየቀኑ አንድ ዓይነት ሰዓት፣ አንድ ዓይነት መንገድ፣ ፈረሶቹን መቀለብ፣ መንገደኛ ማሳፈር። አንዳንድ ተመራማሪዎች ሰውየውን መልሶ ያቆመው ይህ የተደራጀ የዕለት ሥራ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ባለቤቴ ሁሉን ሰምቶ «የድሮ መሥሪያ ቤቱ መልሶ ቀጠረው?» ሲል ጠየቃት። «አይ፣ አልቀጠሩትም» አለችው። «ይኸው!» አለና ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። እሱም በሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል።

ውድ አንባብያን፣ ይህን የምጽፈው ሁሉ ነገር ተስተካከለ ለማለት አይደለም። ዛሬም ሰው የበዛበት ሠርግ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም። ቀለበት መንገዱን ብቻውን አይሻገርም። የመጨረሻው መውደቁ ባለፈው ክረምት ነበር። አንዳንድ ምሽት እኔም ኩሽና ገብቼ ለእህቴ እደውላለሁ፤ አሁን ግን በሩን እዘጋለሁ፣ «ሞቷል» አልልም። «ዛሬ ደከመኝ» እላለሁ። ይህ ነውር እንዳልሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። አስታማሚም ይታመማል። እኔ ራሴ የደም ግፊት እንዳለብኝ ያወቅሁት እሱን ለቀጠሮ ወስጄ ወረፋ ስጠብቅ፣ ነርሷ «እስቲ አንቺንም ልለካሽ» ብላኝ ነው። እሑድ ከሰዓት የእኔ ነው። ልጄ ከአባቱ ጋር ይሆናል፣ እኔ ወደ እህቴ እሄዳለሁ።

ለአያቶች አንድ ነገር ልበል። ልጃችሁ እንዲህ ቢሆንባችሁ ምራታችሁን ወይም አማቻችሁን አትፍረዱባቸው፤ ሄዳችሁ ሁለት ወር ተቀመጡላቸው። እንደ አማቴ ዝም ብላችሁ እዩ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። ለወላጆች ደግሞ፣ ልጆቻችሁ እንደተኙ እርግጠኛ አትሁኑ። የምትሉትን የሚሰሙት ግድግዳው ማዶ ሆነው ነው። እውነቱን ከእናንተ ካልሰሙ የሰሙትን ቁራጭ ይዘው ያድጋሉ።

ባለቤቴ አሁን ሰባተኛ ደብተሩን ይዟል። አሮጌዎቹን አይጥልም፤ ንብረት አይጣልም ይላል። ሰሞኑን ቁም ሳጥን ስናጸዳ የመጀመሪያውን አገኘሁት። ገጾቹ ሁሉ የራይት ምልክት ሞልቶባቸዋል፤ ክኒን፣ ዳቦ፣ ሳሙና። «መኖሬን ማሳየት» የሚለው መስመር ብቻ ምልክት የለውም። ወስጄ አሳየሁትና «ይህቺን ረሳሃት?» አልኩት።

መነጽሩን አድርጎ አየው። «አልረሳኋትም» አለ። «እሷ የየቀን ናት።»